ሃይድሮክሲክሎሮኪን እና ዓይን፦ መድኃኒቱን ሳይተዉ ሬቲናን ለመጠበቅ ምን ከምን ይመረጣል?

ሉፐስ ወይም ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ የገዛ አካልን የሚያጠቃባቸው ሕመሞች) ይዞት ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚወስድ ሰው አንድ ቀን "ይሄ መድኃኒት ዓይን ያጠፋል" የሚል ወሬ መስማቱ አይቀርም። ወሬው ከጎረቤት ይመጣል፣ ከቲክቶክ ይመጣል፣ አንዳንዴም ከመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው ወረቀት ይመጣል። ከዚያ በኋላ አንዳንዱ ደንግጦ ክኒኑን በራሱ ያቆማል። ሌላው ደግሞ ወሬውን ንቆ፣ ዓይኑን አንዴም ሳይታይ ለዓመታት ይውጣል። ሁለቱም ያስፈሩኛል።

ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሬቲናን ሊጎዳ ይችላል፤ እውነት ነው። ብዙዎች በንግድ ስሙ ፕላኩኒል ይሉታል። ግን ጉዳቱ በዕጣ የሚደርስ አይደለም። በቀን ስንት ሚሊ ግራም ተወሰደ? የሚወስደው ሰው ስንት ኪሎ ነው? ኩላሊቱ እንዴት ነው? ስንት ዓመት ወሰደ? በአብዛኛው የሚወስኑት እነዚህ ናቸው። ስለዚህ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ የሚመረጥ ብዙ ነገር አለ። ከዚህ በታች ምርጫዎቹን አንድ በአንድ አነጻጽራለሁ። በዋናነት የምጽፈው ስለዚህ መድኃኒት ነው። ከእሱ ጋር የሚምታቱትን ሌሎች መድኃኒቶች ወደ መጨረሻው አነሳለሁ።

መጀመሪያ፣ ጉዳቱ የት ነው?

ሬቲና የዓይንን ኳስ ከውስጥ በስተኋላ የሚሸፍን ስስ ሽፋን ነው። ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት እዚያ ተደርድረዋል። ከሥራቸው ደግሞ ጥቁር ቀለም የያዘ ሌላ የሕዋሳት ረድፍ አለ። ይህ ረድፍ የላይኞቹን ይመግባል፣ ቆሻሻቸውንም ያነሳል። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከዚህ ጥቁር ቀለም ጋር ይጣበቃል፤ ቶሎም አይለቅም። ሕዋሱ ውስጥ ገብቶም ቆሻሻ የሚፈጭበትን ክፍል አሲድነት ይቀንሳል። ዓመታት ሲቆጠሩና መጠኑ ሲበዛ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት እየሳሱ ይሞታሉ። የሞተው ሕዋስ አይተካም።

ዋናው ተንኮል ግን ቦታው ላይ ነው። መድኃኒቱ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚመታው የማኩላን (ጥርት አድርገን የምናይበትን የሬቲና ማዕከላዊ ክፍል) መካከል ሳይሆን በመካከሉ ዙሪያ ያለውን ቀለበት ነው። ፊደል የምናነብበት ትክክለኛው መሐል ለረጅም ጊዜ ይተርፋል። በዚህ የተነሳ ሬቲናው እየተጎዳ ያለ ሰው ግድግዳ ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ እስከ ታችኛው መስመር ሊያነብ ይችላል። "ዓይኔ ደህና ነው፣ ሁሉንም አንብቤያለሁ" የሚለው ማረጋገጫ እዚህ ቦታ ብዙ አይሠራም። ሰውየው ራሱ "እያነበብኩ ፊደል ይጠፋብኛል" ማለት ሲጀምር ጉዳቱ ብዙ ሄዷል። ሐኪም ዓይን ውስጥ ሲመለከት የዒላማ ክብ የሚመስለውን ምልክት ካየም ያው ነው፤ ዘግይቷል።

ክሎሮኪን ወይስ ሃይድሮክሲክሎሮኪን?

ሁለቱ ወንድማማች መድኃኒቶች ናቸው። ስማቸው ይቀራረባል፣ ሥራቸውም ይቀራረባል። በዓይን ላይ ያላቸው ጠባይ ግን እኩል አይደለም። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ክሎሮኪን ሬቲናን ይበልጥ ይጎዳል። ጉዳቱ በሕክምና ጽሑፎች ውስጥ መታወቅ የጀመረውም በ1950ዎቹ መጨረሻ በክሎሮኪን ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚ በ2016 ባወጣው ምክር የሃይድሮክሲክሎሮኪን ጣሪያ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊ ግራም ነው። የክሎሮኪን ጣሪያ 2.3 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ከግማሽ በታች ማለት ነው። የእንግሊዝ የዓይን ሐኪሞች ኮሌጅ መመሪያ ደግሞ ክሎሮኪን የሚወስድ ሰው ከ1 ዓመት በኋላ ጀምሮ በየዓመቱ እንዲመረመር ይመክራል። ሌላ ስጋት የሌለበት የሃይድሮክሲክሎሮኪን ተጠቃሚ ግን ይህን የሚጀምረው ከ5 ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ ለሉፐስም ሆነ ለመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሁለቱም ካሉ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይመረጣል። እዚህ ላይ አላመነታም። ፋርማሲ ሄደው "እሱ አልቋል፣ ይሄኛው ያው ነው" ከተባሉ ያው አይደለም። አንዱን ክኒን በአንድ ክኒን መለወጥ አይቻልም። ሌላ ፋርማሲ ይጠይቁ ወይም ያዘዘልዎትን ሐኪም ያነጋግሩ። ክሎሮኪን ብቻ የሚገኝ ከሆነ መጠኑን እንደ አዲስ ማስላት የሐኪሙ ሥራ ነው።

የወባውን ነገር ግን ለይተን እንየው። በሀገራችን ክሎሮኪን የሚታወቀው በወባ ነው፤ በተለይ ቫይቫክስ ለሚባለው ዓይነት። ሕክምናው 3 ቀን ነው፤ በ3ቱ ቀን የሚወሰደው በድምሩ ለአንድ ኪሎ 25 ሚሊ ግራም ነው። ይህ አጭር ሕክምና በሬቲና ላይ የምንነጋገርበትን ጉዳት አያመጣም። ሊያሳክክ ይችላል፣ ለጊዜው ብዥ ሊያደርግም ይችላል፤ ያልፋል። ዓይኔን ብሎ የወባ መድኃኒት የሚተው ሰው የሌለ አደጋ ሸሽቶ ያለ አደጋ ውስጥ ይገባል።

ሳልረሳው፦ ሁለቱንም ክኒኖች ሕፃን ከማይደርስበት ቦታ ያስቀምጡ። ለትንሽ ልጅ ጥቂት ክኒን እንኳ ገዳይ ሊሆን ይችላል።

2 ክኒን ለሁሉም? መጠኑ በኪሎ ነው

ይህ ክፍል ከሁሉም በላይ እንዲነበብ የምፈልገው ነው። ብዙ ቦታ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የሚታዘዘው "ጠዋት 1፣ ማታ 1" ተብሎ ነው። አንዱ ክኒን 200 ሚሊ ግራም ነው፤ ሁለቱ 400 ይሆናሉ። አሁን እናስላ። በኪሎ 5 ሚሊ ግራም ከሆነ 400 ሚሊ ግራም የሚመጥነው 80 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ነው። 50 ኪሎ የሆነች ሴት በቀን 2 ብትወስድ በኪሎ 8 ሚሊ ግራም እየወሰደች ነው። ሉፐስ በአብዛኛው የሚይዘው ወጣት ሴቶችን ነው። ከእኛ ሴቶች ደግሞ 80 ኪሎ የማይሞሉት ብዙ ናቸው።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስልዎ። በ2023 ካይዘር ፐርማነንቴ ከሚባለው የአሜሪካ የጤና ድርጅት የሰሜን ካሊፎርኒያ ታካሚዎች የወጣ ጥናት ከ3 ሺህ በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። በ15 ዓመት ውስጥ የሬቲና ጉዳት የታየው በኪሎ 5 ወይም ከዚያ በታች ከወሰዱት 2.7 በመቶ ያህሉ ላይ ነው። ከ5 እስከ 6 ከወሰዱት 11.4 በመቶ ሆነ። ከ6 በላይ ከወሰዱት ደግሞ 21.6 በመቶ። ያው መድኃኒት ነው፣ ያው 15 ዓመት ነው፤ የተለየው መጠኑ ነው። ደግነቱ በክትትል የተገኘው ጉዳት አብዛኛው ቀላል ደረጃ ላይ ነበር።

ታዲያ 200 ያንሳል፣ 400 ይበዛል የሚባልለት ሰው ምን ያድርግ? ክኒኑን መቁረጥ አያስፈልግም። መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣው በጣም በዝግታ ነው። ግማሹ ለመውጣት 40 ቀን አካባቢ ይፈጃል። ስለዚህ የሳምንቱን ድምር ማመጣጠን ይቻላል። 40 ኪሎ ለሆነ ሰው በየቀኑ 1 ልክ ነው። 50 ኪሎ ለሆነ ሰው በሳምንት 8 ክኒን፣ ማለትም በየቀኑ 1 ሆኖ አንዱን ቀን ብቻ 2፣ ከጣሪያው በታች ያቆየዋል። 55 ኪሎ ከሆነ በሳምንት 9። 60 ኪሎ ከሆነ አንድ ቀን 1 አንድ ቀን 2 እያፈራረቁ መውሰድ በትክክል 5 ላይ ያርፋል። 70 ኪሎ ለሆነ ሰው በሳምንት 12። ይህን ስሌት ይዘው ሐኪምዎን ይጠይቁ እንጂ ዛሬውኑ በራስዎ አይለውጡ። ሐኪሙ ሕመሙ እንዳይነሳ ከፍ ያለ መጠን ለጊዜው መርጦ ሊሆን ይችላል። ያኔ ጥያቄው "እስከ መቼ?" የሚል ይሆናል።

ስሌቱ ላይ ሁለት ነገር ያሳስታል። አንዳንድ ካርቶን ላይ 200 እና 155 የሚሉ ሁለት ቁጥሮች ይታያሉ። የሚሰላው በ200ው ነው። ሁለተኛው ሚዛኑ ነው። ሉፐስ ኩላሊት ነክቶ ሰውነት ካበጠ ሚዛኑ ላይ የሚታየው ውኃም ጭምር ነው። ያንን ክብደት ይዞ መጠን መጨመር ስህተት ይሆናል።

በሌላ በኩል፣ ከጣሪያው በታች እየወሰደ ያለ ሰው "ለዓይኔ ይበጀኛል" ብሎ የበለጠ ቢቀንስ ሕመሙ ሊነሳበት ይችላል። መጠን ሲቀንስ ሉፐስ የመነሳት ዕድሉ ይጨምራል። 5 የሚለው ቁጥር ጣሪያ ነው። በሩጫ ወደ ዜሮ የሚወረድበት ደረጃ አይደለም።

ቀድሞ መመርመር ያለበት ማን ነው?

አጠቃላዩ ምክር ቀላል ነው። መድኃኒቱን በጀመሩ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ሬቲናዎን ይታዩ። ዓላማው ቀድሞ የነበረ የማኩላ ሕመም ካለ ለማወቅ ነው። ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ። የአሜሪካኖቹ ምክር ይህ ነው።

5ቱን ዓመት መጠበቅ የሌለባቸው ግን አሉ። የመጀመሪያው ኩላሊቱ የደከመ ሰው ነው። መድኃኒቱ በከፊል የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ ያለው መጠን ይጨምራል። በኪሎ 4 እየወሰደ እንኳ የበለጠ የወሰደ ያህል ሊሆንበት ይችላል። ሉፐስ ራሱ ኩላሊትን የሚነካ በሽታ መሆኑ ነገሩን ያባብሰዋል። ክሬአቲኒን የሚለካው የደም ምርመራ ርካሽ ነው፣ በየጤና ጣቢያውም ይታወቃል። ለዓይን የሚሆን የኩላሊት ምርመራ ብለው ያስቡት።

ሁለተኛዋ ለጡት ካንሰር ታሞክሲፈን የምትወስድ ሴት ናት። ታሞክሲፈን ለብቻው በተለመደው መጠን፣ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ሬቲናን የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አደጋው ወደ 5 እጥፍ ይጠጋል። የካንሰር ሐኪሟና የመገጣጠሚያ ሐኪሟ ስለዚህ መነጋገራቸው ግድ ነው። ወር አበባዋ የቆመ ከሆነ በታሞክሲፈን ፋንታ ሌላ ዓይነት የሆርሞን መድኃኒት ሊኖር ይችላል። እሱን የሚመርጠው ግን የካንሰር ሐኪሟ ነው።

ከ5 ሚሊ ግራም በላይ የሚወስዱና ቀድሞውኑ የማኩላ ችግር ያለባቸውም ከዚሁ ወገን ናቸው።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ካለ ዘመድ መድኃኒቱ የሚላክላቸው ሰዎች ያሳስቡኛል። ክኒኑ ይመጣል፣ ክትትሉ ግን አብሮ አይመጣም። እዚያ መድኃኒቱን የሚወስደው ሰው ሐኪሙ ዓይንህን ታይተሃል ወይ ይለዋል። እዚህ ዕቃ ተቀብሎ የሚውጠው ሰው ጠያቂ የለውም። ዘመድዎ የሚልክልዎ ከሆነ ይላክ፤ ግን በዓመት አንዴ ሐኪም ፊት ቀርበው መጠኑንና ኩላሊትዎን ያሳዩ።

የትኛው የዓይን ምርመራ?

"ዓይኔን ታይቻለሁ" ማለት ብቻ አይበቃም። በምን ታዩ? መነጽር ቤት በመነጽር መለኪያ ከሆነ ለዚህ ጉዳይ አልታዩም። ፊደል ሰሌዳም ያው ነው፤ መሐሉ እስከ መጨረሻ ይተርፋልና።

ጠብታ ተደርጎ ብሌኑ ሰፍቶ ሐኪም በመብራት የሚያየው ምርመራ ለመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነው። የነበረ በሽታ ያሳያል። ለዓመታዊ ክትትል ግን ብቻውን ደካማ ነው። ሐኪሙ በዓይኑ የሚያየው ለውጥ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ቤት ውስጥ ሰው የሚመለከተው ባለ አራት ማዕዘን መስመር ካርድም ለዚህ አይበቃም። ይህን የምለው ካርዱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፈው ተረጋግተው የሚኖሩ ሰዎች ስላሉ ነው።

ለዚህ ጉዳይ ዋና የሚባሉት ሁለት ናቸው።

ኦሲቲ የሬቲናን ንብርብር በብርሃን የሚያነሳ መሣሪያ ነው። አይነካም፣ አያምም፣ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት የሳሱበትን ቦታ እንደ ተቋረጠ መስመር ያሳያል። ትልቁ ጥቅሙ በታካሚው ትኩረት ላይ አለመንጠልጠሉ ነው። የደከመ፣ የሚያንቀላፋ፣ የከነከነው ሰው ላይም ይሠራል። ምስሉ ይቀመጣል፣ ከከርሞው ጋር ይነጻጸራል።

ሁለተኛው የእይታ ሜዳ ምርመራ ነው። አንድ ሳጥን ውስጥ እያዩ ብልጭ ያለ ነጥብ ባዩ ቁጥር ቁልፍ ይጫናሉ። በማኩላ ዙሪያ ትንሽ ቀለበት ላይ እይታ መድከሙን አንዳንዴ ከኦሲቲ ቀድሞ ይይዛል። ችግሩ አድካሚ መሆኑ ነው። ሰው ሐሳቡ ከሸሸ ወይም ከተሰላቸ ውጤቱ የውሸት ጉዳት ያሳያል። ስለዚህ አንድ መጥፎ ውጤት ላይ ተመሥርቶ መድኃኒት አይቆምም፤ ይደገማል። እንቅልፍ ጠግበው ጠዋት ቢሄዱ ይመረጣል።

ሁለቱን አብሮ መሥራት የተሻለ ነው፤ አንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዛል። አቅም አንዱን ብቻ ከፈቀደ ምን ይሻላል? የኔ ምርጫ ኦሲቲ ነው። ምስሉ ስለሚቀመጥና በሚቀጥለው ዓመት ከአዲሱ ጎን ለጎን ስለሚታይ። ጥርጣሬ ከተገኘ የእይታ ሜዳው ይጨመራል።

የሚረሳ ነገር ደግሞ አለ። ጉዳቱ በሁሉም ሰው ላይ በማኩላ ዙሪያ አይጀምርም። ከእስያ ዘር በሆኑ ታካሚዎች ላይ ብዙ ጊዜ ራቅ ብሎ ይጀምራል። በጥቁር ታካሚዎችም ላይ እንዲህ ያለ አነሳስ ታይቷል። ጠባቡ ምርመራ ያንን ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ምርመራ ሲያዙ "ከማኩላ ውጭ ያለውንም ሰፋ አድርጋችሁ እዩልኝ" ብለው መጠየቅ ለኛ ሰው ብልህነት ነው። በየትኛውም ሀገር ቢሆኑ ይጠይቁ። ሌሎች ምርመራዎችም አሉ። የሬቲናን ተፈጥሯዊ ፍካት የሚያነሳ ፎቶ አለ፣ የሬቲናን ኤሌክትሪክ የሚለካም አለ። ጥርጣሬን ለማጣራት ይረዳሉ። ኦሲቲ አዲስ አበባ በትልልቅ የዓይን ማዕከላት ይገኛል፤ ከትልልቅ ከተሞች ሲወጡ ግን ማግኘት ይከብዳል። ለዚህ ነው ከክፍለ ሀገር ለሌላ ጉዳይ ሲመጡ ቀጠሮውን አብሮ መያዝ የሚያዋጣው።

ምልክት ተገኘ፤ መቀጠል፣ መቀነስ ወይስ ማቆም?

መጀመሪያ ምልክቱ እውነተኛ መሆኑ ይረጋገጥ። በአንድ ምርመራ ብቻ የታየ፣ በሌላው ያልተደገፈ ነገር ብዙ ጊዜ ሌላ ምክንያት አለው። ሁለት ምርመራ በአንድ ቦታ ተመሳሳይ ነገር ካሳዩ ግን ጉዳዩ ቁም ነገር ነው።

ከዚያ የዓይን ሐኪሙና መድኃኒቱን ያዘዘው ሐኪም መነጋገር አለባቸው። የዓይን ሐኪሙ ብቻውን "አቁሚ" ቢል የሉፐሱን ጉዳይ ማን ይይዛል? ይህ መድኃኒት ለሉፐስ ታካሚ ዋልታ ነው። በ1991 የታተመ የካናዳ ጥናት ሕመማቸው የተረጋጋ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ነበር። መድኃኒቱን ያቆሙት ሕመሙ የመነሳት ዕድላቸው ከቀጠሉት 2.5 እጥፍ ሆነ። ሉፐስ ሲነሳ የሚነካው ኩላሊት፣ ልብ፣ አንጎል ነው።

በተጨማሪ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ። ሕመሙ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ስቴሮይድ ነው። ፕሬድኒሶሎን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዓይን ሞራ ሊያመጣ፣ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ዓይኑን ሊያድን ሃይድሮክሲክሎሮኪንን በራሱ ያቆመ ሰው ዓይኑን በሌላ በር ሊያጣ ይችላል። ነፍሰ ጡር ለሆነች የሉፐስ ታካሚ ደግሞ ሃይድሮክሲክሎሮኪን እንድትቀጥል የሚመከር መድኃኒት ነው። አማራጮች ከሚባሉት ሜቶትሬክሴት እና ማይኮፌኖሌት ግን ለፅንስ አደገኛ ናቸው። አዛታዮፕሪን የሚባለው አለ፤ እሱ ሬቲናን በዚህ መንገድ አይነካም፣ ነገር ግን የደም ሴል ቁጥርና ጉበት መከታተል ይጠይቃል።

ጉዳቱ ከተረጋገጠ ግን በአብዛኛው ውሳኔው ማቆም ነው። እዚህ ላይ ማባበል አያስፈልግም። መጠን መቀነስ የሚመረጠው ጉዳት ከመድረሱ በፊት ነው፤ የተረጋገጠ ጉዳት ላይ ቀንሶ መጎተት ዓይንን ያስከፍላል። ጊዜውም ይለያል። የታችኛው ጥቁር ረድፍ ከመነካቱ በፊት ቢቆም ጉዳቱ ብዙ አይገፋም። ረድፉ ከተበላሸ በኋላ ቢቆም ግን መድኃኒቱ ከቆመም በኋላ ለዓመታት ሊብስ ይችላል። ዓመታዊ ምርመራ የሚያስፈልገው ይህን ልዩነት ለማትረፍ ነው።

ኤታምቡቶል፦ ሕጉ የተገላቢጦሽ ነው

በሀገራችን ዓይንን በመጉዳት ስሙ የሚነሳው ሌላው መድኃኒት የቲቢው ኤታምቡቶል ነው። ሰው ከሃይድሮክሲክሎሮኪን ጋር ይቀላቅላቸዋል። በጣም ይለያያሉ።

ኤታምቡቶል የሚጎዳው የሬቲናን የላይኛውን ሕዋሳትና ከእነሱ የሚወጣውን የዓይን ነርቭ ነው። ጊዜውም በዓመት አይቆጠርም፤ በወራት ነው። በአዲስ የቲቢ ሕክምና የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ከሌሎቹ 3 መድኃኒቶች ጋር ይሰጣል። በቀን ለአንድ ኪሎ 15 ሚሊ ግራም ሲሆን ጉዳቱ የሚደርሰው ከ100 ሰው 1 ያህሉ ላይ ነው። 25 ሲደርስ ግን ወደ 5 እና 6 ሰው ይጨምራል። እሱም በኩላሊት ስለሚወጣ የኩላሊት ታካሚ ላይ አደጋው ከፍ ይላል።

ትልቁ ልዩነት ምልክቱ ነው። በሃይድሮክሲክሎሮኪን ምልክት ሲመጣ ዘግይቷል፤ በኤታምቡቶል ግን ምልክቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀይና አረንጓዴ ይደበዝዛል፣ ንባብ በሁለቱም ዓይን ይከብዳል። ያኔ ምርመራው ቀላል ነው። ፊደል ሰሌዳና የቀለም ነጥብ መጽሐፍ ይበቃሉ፤ አንዱን ዓይን ሸፍኖ በሌላው፣ ከዚያ በተራ። ለውጥ ካለ በዚያው ቀን ወደ ቲቢ ክሊኒክ ይሂዱ። ኤታምቡቶል ቶሎ ከቆመ ብዙ ሰው ይመለስለታል፣ ሁሉም ግን አይደለም። ሌሎቹን የቲቢ መድኃኒቶች ግን በራስዎ አያቁሙ። ክኒኑ ብዙ ጊዜ 4ቱን አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ መነጠሉ የጤና ባለሙያው ሥራ ነው። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድም የዓይን ነርቭን ይነካል፤ ለእሱም ይኸው ጥንቃቄ ይሠራል።

ሌሎቹ በአጭሩ

ቪጋባትሪን ለሕፃናት የሚጥል በሽታ ይሰጣል። የእይታ ዳርን ያጠባል፤ የጠበበው አይመለስም። መሐሉ ስለሚተርፍ ልጁ ምንም አይልም። ሆኖም አንዳንድ ሕፃናት ላይ ያለው ጥቅም ከፍተኛ ነው፤ በተለይ ቱበረስ ስክለሮሲስ የሚባለው ችግር ላለባቸው። እዚህ የሚመረጠው በአጭር ጊዜ ሠርቶ እንደሆነ ማየትና ካልሠራ ቶሎ ማቆም ነው።

ፔንቶሳን ፖሊሰልፌት፣ በንግድ ስሙ ኤልሚሮን፣ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለፊኛ ሕመም ሊታዘዝላቸው የሚችል ነው። የማኩላ ጉዳቱ መጀመሪያ የተገለጸው በ2018 ነው። በ2020 የመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ማስጠንቀቂያ ገባ። ለዓመታት የወሰደ ሰው ኦሲቲ ቢነሳ ይገባዋል።

የብልት መቆም መድኃኒት የሆነው ሲልዴናፊል ነገሮችን ለጥቂት ሰዓት ሰማያዊ ሊያስመስል ይችላል። የልብ መድኃኒቱ ዲጎክሲን በደም ሲበዛ ቢጫ ያስመስላል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ በራሱ ያልፋል። ሁለተኛው ግን መጠኑ መርዝ ደረጃ መድረሱን ሊያመለክት ስለሚችል የዓይን ቀጠሮ አይጠበቅለትም፤ በዚያው ቀን ወደ ልብ ሐኪም ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለቀጠሮው የሚያዝ

ከእርስዎ የሚፈለገው መረጃ ትንሽ ነው። መድኃኒቱን የጀመሩበት ዓመት፣ በሳምንት ስንት ክኒን፣ የዛሬ ክብደት፣ የቅርብ የክሬአቲኒን ውጤት፣ የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት። ክኒኑን ከነካርቶኑ ይዘው ይሂዱ። የኦሲቲ ምስል ሲነሱ በወረቀት ብቻ አይርኩ፤ ፋይሉን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይቀበሉ። ሐኪም ቢቀይሩ፣ ከተማ ቢቀይሩ፣ ሀገር ቢቀይሩም ምስሉ አብሮዎት ይሄዳል። አዲሱ ሐኪም የሚያነጻጽረው ከእሱ ጋር ነው።